ሌሊት አብሯት የሚያድር ሰው ካለ የእህቴ የአካል ጉዳት ድጎማ ይቋረጣል?

የሆጤዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር የኖራችሁ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሳታነቡ አትለፉኝ።

ታላቅ እህቴ በርሚንግሃም ትኖራለች። ዕድሜዋ 71 ነው። ዜግነቷም የዚያው አገር ነው። ባለቤቷ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ልጅ አልወለደችም። ካቻምና ስትሮክ መታትና ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዙላትም። ቀን ቀን በምርኩዝ እየተደገፈች ከወንበር ወንበር ትላለች፤ ጭንቁ ሌሊት ነው። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ከአልጋ የሚያነሳት፣ ጎኗን የሚያገላብጣት ሰው ያስፈልጋል። የወንድማችን ልጅ እዚያው ከተማ ሌላ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ቀን መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ መጥታ ከእህቴ ጋር ታድራለች፤ ጠዋት ከዚያው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። የቀሩትን ሌሊቶች ካውንስሉ (የከተማው አስተዳደር) የሚልካት የእንክብካቤ ሠራተኛ ታድራለች።

እህቴ አቴንዳንስ አላዋንስ የሚባለውን፣ የሰው እርዳታ ለሚያስፈልጋቸው ጡረተኞች የሚከፈለውን ድጎማ፣ በከፍተኛው መጠን ታገኛለች። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኞች የሚሰጠው ፔንሽን ክሬዲትም አላት፤ በውስጡ ለከባድ አካል ጉዳት የሚከፈል ጭማሪ አለበት። ሰሞኑን ታዲያ አንድ ቅጽ በፖስታ መጣላት። «አብሮዎት የሚኖር ዕድሜው 18 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው አለ?» ይላል። በዚያው ሳምንት ለቅሶ ቤት ያገኘቻት አንዲት ሴት «ቤትሽ ሰው የሚያድር ከሆነ ገንዘቡ ይቋረጣል፤ የበላሽውንም መልሺ ይሉሻል» አለቻት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እህቴ ሌላ ሰው ሆነች። የወንድማችንን ልጅ «አትምጪብኝ» ብላ መለሰቻት። ትናንት ስንደዋወል ድምጿ ደርቆ ነበርና «ምነው? አሞሻል?» ብላት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውሃም ሻይም እንደማትቀምስ ነገረችኝ። ሌሊት መነሳት እንዳይኖር ነው። ቡና እንኳን ትታለች፤ ቡና የምትተው ሴት አልነበረችም።

የምትልክልን ነገር ይቀርብናል ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ እሱስ ድሮ ቀርቷል፣ እኛም አንጠብቅም። የምፈራው ለቤት ማሞቂያና ለምግብ የምታውለው ገንዘብ እንዳይቀርባት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሌሊት ብቻዋን ተነስታ እንዳትወድቅ። እዚህ ብትሆን ኖሮ ማን ይደር ብሎ የሚጨነቅ አይኖርም ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተራ ገብቶ ያድርላት ነበር።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሌሊት የሚያድር ሰው «አብሮ የሚኖር» ተብሎ ይቆጠራል ወይ? ቅጹ ላይስ ምን ትበል?


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ የምመክረው ምንም ባትጽፍ ነው። የባለቤቴ አክስት ለንደን ናቸው፤ ልጃቸው ከትዳሩ ተለያይቶ እሳቸው ጋር በገባ ጊዜ በየሳምንቱ ያገኙት የነበረው ጭማሪ ወዲያው ተቋርጦባቸዋል። የለም ብላ ትሙላና ልጅቷ በጨለማ መጥታ በጨለማ ትሂድ። ማን ያያል?


የቦርከና (ኮምቦልቻ)

የሆጤዋ፣ አብሽሪ እህቴ። ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ደውለሽ ውሃ እንዲጠጡ ንገሪያቸው። ስትሮክ የመታው ሰው ውሃ ሲያጣ ለከፋ ነገር ይጋለጣል። የገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ እንደፈራችሁት አይደለም።

እኔ ወደ ኮምቦልቻ ከመመለሴ በፊት ለብዙ ዓመታት እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ የሌሊት እንክብካቤ ሠራተኛ ነበርኩ። ልክ ለእህትሽ እንደምትመጣው ሠራተኛ ከሰው ቤት እያደርኩ ነው እንጀራዬን የበላሁት። በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ ነጻ ምክር በሚሰጥበት ቢሮ ለአገራችን ሰዎች አስተርጉም ነበር። ይህንኑ ፍርሃት ይዘው የሚመጡ እናቶችን ብዙ አይቻለሁ። ሰኞ ገበያ ለመርዳት ብለው እንደጻፉ ይገባኛል፤ ምክሩ ግን ሴትዮዋን አደጋ ላይ የሚጥል ነው። በዚያ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም።

አቴንዳንስ አላዋንሱን ከሌላው ለይተሽ እዪው። እሱ ብቻውን ለሚኖርም ከቤተሰብ ጋር ለሚኖርም እኩል ይከፈላል። የገቢ መጠን አይታይበትም፤ ቤት ውስጥ ማን አለ ተብሎም አይጠየቅበትም። የሚመዘነው የሰውየው የእርዳታ ፍላጎት ነው፤ እርዳታውን የሚሰጠው ሰው መኖር አለመኖሩ እንኳን አይደለም። ቀን ወይም ሌሊት ብቻ እርዳታ ለሚያስፈልገው ዝቅተኛው፣ ለቀንም ለሌሊትም ለሚያስፈልገው ከፍተኛው ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2025 ጀምሮ ባለው ዓመት ዝቅተኛው በሳምንት 73.90 ፓውንድ፣ ከፍተኛው 110.40 ፓውንድ ነበር። እንግዲህ አስቢው፤ እህትሽ ከፍተኛውን የሚያገኙት ሌሊትም ሰው ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ሌሊት የሚያድርላቸው ሰው መኖሩ ይህንኑ ያስረዳላቸዋል እንጂ አይቃወማቸውም።

ጥያቄ የሚያስነሳው በፔንሽን ክሬዲቱ ውስጥ ያለው የከባድ አካል ጉዳት ጭማሪ ነው። በዚሁ ዓመት ለአንድ ሰው በሳምንት 82.90 ፓውንድ ነበር፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይህን ለማግኘት አንደኛ አቴንዳንስ አላዋንስ ወይም እሱን የመሰለ ድጎማ ማግኘት ያስፈልጋል፤ እህትሽ አላቸው። ሁለተኛ 18 ዓመት የሞላው ሰው በቋሚነት አብሯቸው መኖር የለበትም። ሦስተኛ እሳቸውን በመንከባከቡ ኬረርስ አላዋንስ፣ ወይም በዩኒቨርሳል ክሬዲት (ጡረታ ላልደረሱ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በሚሰጠው ድጎማ) ውስጥ ያለውን የተንከባካቢ ክፍያ የሚቀበል ሰው መኖር የለበትም።

ጉዳዩ ያለው «በቋሚነት» የምትለዋ ላይ ነው። ማደር መኖር አይደለም። የወንድምሽ ልጅ የራሷ ኪራይ ቤት አላት፤ ልብሷ፣ አልጋዋ፣ ዕቃዋ እዚያ ነው፤ ከእህትሽ ዘንድ የምትመጣው ለእርዳታ ነው፤ ሲነጋ ትሄዳለች። ካውንስሉ የሚልካትም ሠራተኛ እንደዚሁ። እኔ ራሴ በሳምንት አብዛኛውን ሌሊት ያደርኩባቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የቤት ጫማዬን አልጋው ሥር ያየ ሰው እዚያ የምኖር ሊመስለው ይችል ነበር። ኪራይ የምከፍለው ግን ሌላ ቤት ነው፤ የሽማግሌውም ጭማሪ አልተነካም።

የሰኞ ገበያ ዘመድ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ልጃቸው ቤቱን ለቅቆ፣ ሻንጣውን ይዞ ገብቷል፤ ሌላ ቤት የለውም። ያ መኖር ነው። ሴትዮዋ የተቀነሰባቸው በሕጉ መሠረት ነው።

ውሳኔ የሚሰጠው ሠራተኛ ጉዳዩን ሲያይ የሚጠይቃቸውን ነገሮች እህትሽ ማወቅ አለባቸው። ልጅቷ ኪራይ የምትከፍለው የት ነው? ለካውንስል ታክስ (ለካውንስሉ ለሚከፈለው የመኖሪያ ቤት ግብር) የተመዘገበችው የት ነው? ደብዳቤዋ የሚደርሰው፣ ባንኳ፣ ሐኪሟና አሠሪዋ የያዙት አድራሻ የማን ነው? ዕቃዋ የት ነው? የምታድረው ተራ ገብታ ነው ወይስ ቤቷን ትታ ነው? በዚህ ሁሉ መልሱ «ሌላ ቤት» ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም።

ቅጹ ላይ እውነቱን ይጻፉ። «አብሮኝ የሚኖር ሰው የለም» ብለው ይመልሱና አስከትለው ያብራሩ፤ በስትሮክ ምክንያት ሌሊት እርዳታ ስለሚያስፈልገኝ የወንድሜ ልጅ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ በካውንስሉ የተመደበች ሠራተኛ በቀሩት ሌሊቶች ታድራለች፤ ሁለቱም የየራሳቸው ቤት አላቸው፣ አድራሻቸውም ይህ ነው። በቃ። የተደበቀ ነገር ሲገኝ ነው ነገር የሚበላሸው። ኋላ ገንዘብ መልሱ ቢባል እንኳን ሁሉን አስቀድሞ የተናገረ ሰው የሚከራከርበት አለው፤ ዝም ያለ ግን የለውም። ልጅቷም በጨለማ መጥታ በጨለማ የምትሄድበት ምክንያት የለም። ሌባ አይደለችም፤ አክስቷን የምታስታምም ልጅ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሠራተኛዋም የወንድምሽ ልጅም አንድ ደብተር ይያዙ። እኔ ስሠራ የሌሊት መዝገብ ነበረን። በስንት ሰዓት እንደገባን፣ በስንት ሰዓት እንደተነሱ፣ ለምን እንደተነሱ፣ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ፣ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደወጣን ይጻፍበታል። ለአቴንዳንስ አላዋንስ በአብዛኛው ሌሊት ሁለት ጊዜ መነሳት፣ ወይም አንድ ጊዜ ተነስቶ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚወስድ እርዳታ ማስፈለጉ ክብደት አለው። ያ ደብተር የእህትሽን የሌሊት ፍላጎት ያሳያል፤ በዚያው ሴቶቹ ገብተው የሚወጡ እንጂ የሚኖሩ አለመሆናቸውን ይመሰክራል። ውሃ ሳይጠጡ ያደሩበትን ሌሊት ግን መዝገቡ «ዛሬ አልተነሱም» ብሎ ነው የሚይዘው፤ ፍላጎታቸውን ራሳቸው እየደበቁት ነው ማለት ነው። ይህንን ንገሪያቸው፤ የኔ ቃል ሳይሆን የደብተሩ ነገር ነው በያቸው፤ ምናልባት ይሰሙሻል።


የሆጤዋ (ደሴ)

እርስዎን እግዚአብሔር ነው የላከልኝ። ያነበብኩትን በስልክ አነበብኩላት፤ የደብተሩን ነገር ስትሰማ ዝም አለች፣ ቆይታ «እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። ዛሬ ማታ ልጅቷ ትመጣለች። ውሃውንም ጠጥታለች፤ ብርጭቆው ሲቀመጥ ሰምቻለሁ።

ግን የጠየቁት ነገር አስደነገጠኝ። የወንድማችን ልጅ የምትኖርበት ቤት ብዙ ተከራይ ያለበት ስለሆነ ደብዳቤ እየጠፋባት የባንክ ደብዳቤዋ በእህቴ አድራሻ ነው የሚመጣው። ይህ አያጠፋንም? ደግሞ ልጅቷ ራሷ «ኬረርስ አላዋንስ ብጠይቅ ይሰጡኛል፣ ለአክስቴም እደጉማታለሁ» እያለች ነበር። ልትጠይቅ ወይ?


የቦርከና (ኮምቦልቻ)

ውሃውን መጠጣታቸው ትልቅ ነገር ነው። ደስ ብሎኛል።

ደብዳቤው ብቻውን አያጠፋም፤ ግን ነገር ያጣምማል። መሥሪያ ቤቱ ከባንክ መረጃ ሲያገኝ ልጅቷን በእህትሽ አድራሻ ያያታል፣ ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። በዚህ ሳምንት ባንኳን፣ ሐኪሟንና አሠሪዋን አድራሻዬ የተከራየሁበት ነው ብላ ታስተካክል። ደብዳቤ ይጠፋል ካለች ባንኩ በስልኳ መተግበሪያ ሊልክላት ይችላል። የኪራይ ውሏንና የካውንስል ታክስ ወይም የመብራት ደረሰኝ ካላት ቅጂውን ለእህትሽ ትስጥ፤ ቢጠየቁ ያሳያሉ። ስለ ደብዳቤው ከጠየቋቸውም ምክንያቱን እንደነገርሽኝ ይናገሩ፤ እውነት ነውና።

ስለ ኬረርስ አላዋንሱ ግን እባክሽ ቶሎ አስቁሚያት። ቤተሰብ በቅንነት ራሱን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ኬረርስ አላዋንስ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ለሚንከባከብ ሰው የሚከፈል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓመት መጠኑ 83.30 ፓውንድ ነበር። ልጅቷ መቀበል በጀመረችበት ጊዜ የእህትሽ ጭማሪ ይቋረጣል። አንዷ ስታገኝ ሌላዋ ታጣለች፤ ቤተሰቡ የሚያተርፈው በሳምንት የሳንቲም ልዩነት ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የምታገኝ ከሆነ ደግሞ ኬረርስ አላዋንሱ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ከእሱ ላይ ይቀነስባታል፤ በምትኩ የተንከባካቢ ክፍያ (እ.ኤ.አ. በ2025 ዓመት በወር 201.68 ፓውንድ ነበር) ይታከልላታል። ስለዚህ የሁለቱም ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ካልተሰላ በቀር ማንም መጠየቅ የለበትም።

በዚያ ላይ እሷ መጋዘን ትሠራለች። ከግብርና ከመሳሰሉት ተቀናሾች በኋላ በሳምንት ከተወሰነው ገደብ በላይ (እ.ኤ.አ. በ2025 ዓመት 196 ፓውንድ ነበር) የምታገኝ ከሆነ ኬረርስ አላዋንሱ ራሱ አይሰጣትም። የዩኒቨርሳል ክሬዲቱ የተንከባካቢ ክፍያ ግን የደመወዝ ገደብ የለውም። በዚህ ተሳስተው ብዙዎች ሲወድቁ አይቻለሁ። ኦንላይን ቅጹ ላይ «አካል ጉዳተኛ ይንከባከባሉ?» ሲል አዎ ብላ ከሞላችና ክፍያው ከተፈቀደላት የአክስቷ ጭማሪ ይነካል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ካላት ይህን አሁኑኑ ታጣራ።

የአክስቷን ገንዘብ ሳትነካ ልትጠይቀው የምትችለው ሌላ ነገር አለ፤ ኬረርስ ክሬዲት ይባላል። ገንዘብ አይከፈልበትም፤ በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚንከባከብ ሰው ወደፊት ለሚያገኘው ጡረታ የመዋጮ ዓመት እንዳይጎድልበት የሚያደርግ ነው። ሥራዋ በቂ መዋጮ የሚቆርጥላት ከሆነ ላያስፈልጋት ይችላል፤ ሰዓቷ የሚያንስ ከሆነ ግን ይጠቅማታል። የእህትሽን ጭማሪ አይነካም።

ካውንስሉን በተመለከተም አንድ መንገድ አለ። የሌሊት ሠራተኛ ከሚልክላቸው ይልቅ ገንዘቡን በቀጥታ ክፍያ መልክ ለእህትሽ እንዲሰጣቸው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በዚያ ገንዘብ ሌላ ቤት የምትኖረውን የወንድምሽን ልጅ ቀጥረው ደመወዝ ሊከፍሏት ይቻላል። ገንዘቡ ለፔንሽን ክሬዲት እንደ ገቢ አይቆጠርም። ለልጅቷ ግን ደመወዝ ነው፤ ግብርም ዩኒቨርሳል ክሬዲትም ያየዋል። በነገራችን ላይ የሌሊት ሠራተኞች ደመወዝ ራሱ ትልቅ ክርክር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የብሪታንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተኝተው የሚያድሩ ሠራተኞች ዝቅተኛው ደመወዝ የሚታሰብላቸው ለሥራ ነቅተው በቆዩበት ሰዓት ብቻ ነው ብሎ ፈርዷል። ያን ቀን ስንቶቻችን እንዳዘንን አልረሳውም። ልጅቷን የሚቀጥሯት ከሆነ ሌሊቱን የሚመለከት ስምምነት በግልጽ በጽሑፍ ይኑር፤ ዘመድ ነኝ ብላ በነጻ እንዳትጎዳ።


ቧንቧ ውሃ (ለንደን)

እኔም የደሴ ልጅ ነኝ። የወንድሜ ሁኔታ ስለሚመሳሰል ልጨምር። እሱ ጡረታ አልደረሰም፤ ፒፕ የሚባለውን የአካል ጉዳት ድጎማ እና ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው የሚያገኘው፤ ሁለት መኝታ ያለው፣ የቤቶች ማኅበር የሚያከራየው ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ደንብ ትርፍ መኝታ አለህ ተብሎ ለኪራይ የሚሰጠው እርዳታ 14 በመቶ ሊቀነስበት ነበር። ሌሊት የሚያድሩለት ተንከባካቢዎች በተራ እንደሚመጡ ከካውንስሉ የእንክብካቤ ዕቅድ ጋር አያይዘን ስናቀርብ ሁለተኛው ክፍል ለእነሱ ታሰበለት። ደንቡ የሚጠይቀው ተንከባካቢው እዚያ ቤት የማይኖር፣ ግን በየጊዜው የሚያድር መሆኑን ነው።

ስለዚህ በሌሊት ተንከባካቢ የሚያፍር ሰው ካለ አይፈር። የሚኖር ሳይሆን የሚያድር መሆኑን ሕጉ ራሱ ያውቀዋል፤ ክፍል ሁሉ ይሰጠዋል። እህትሽ ጡረተኛ ስለሆኑ የመኝታ ቅነሳው እሳቸውን አይመለከትም፤ ለካውንስል ታክስ የብቸኛ ነዋሪ የ25 በመቶ ቅናሽ ካላቸው ግን ልጅቷ ዋና መኖሪያዋ ሌላ ቤት እስከሆነ ድረስ እሱም አይነካም።


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ሁለታችሁም ጥሩ ነገር አስተማራችሁን። የሆጤዋ፣ የጻፍኩትን ተይው፤ እንደ እነሱ አድርጊ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ከዚህ ልጅሽን ልከሽላት ብታስታምማት ቀላል አይሆንም ነበር? ፒያሳ አካባቢ የኬር ቪዛ እናወጣለን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ዋጋውም ብዙ ነው ይባላል።


የቦርከና (ኮምቦልቻ)

ለደላላ አንድ ብር እንዳትሰጡ። እባካችሁ። ከውጭ አገር አዲስ የእንክብካቤ ሠራተኛ የሚመለመልበት ቪዛ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ተዘግቷል። ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በዚያ ቪዛ የሚሄዱ ሰዎች ቤተሰብ ይዘው እንዳይገቡ ተከልክሎ ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥም የእናቱን መሬት አሽጦ የከፈለ ልጅ አውቃለሁ፤ ዛሬም እዚሁ ነው ያለው። ዛሬ «የኬር ቪዛ አለኝ» የሚላችሁ ሰው የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው።

የጉብኝት ቪዛ ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ያስቆያል፤ ሥራ ግን አይፈቅድም፤ ስለዚህ የሆጤዋ ልጅ ብትሄድ ክፍያ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። አክስቷን ጠይቃ፣ ጥቂት ጊዜ ቆይታ ለመመለስ ከሆነ ቤቷ ደሴ ነው፤ እንግዳ ናት። ግን ቆይታው በረዘመ ቁጥር ጥያቄው ይከብዳል፤ እንግሊዝ ከመግባቷ በፊት ፔንሽን ክሬዲቱን ለሚከፍለው የጡረታ አገልግሎት መጻፍና የመመለሻ ቀኗን ማሳወቅ ይገባል። እኔ ብሆን ግን ገንዘቡን ለቪዛና ለአውሮፕላን ሳይሆን እዚያ ላለችው ልጅ አውቶቡስና ታክሲ አወጣው ነበር። ሌሊት ወዲያ ወዲህ የምትለው እሷ ናት።


የሆጤዋ (ደሴ)

ልጄን መላኩን እኔም አስቤው ነበር፤ ተውኩት። ደላላውን ደግሞ ከበራችን አሳልፌዋለሁ።

ዛሬ የተደረገውን ልንገራችሁ። የወንድማችን ልጅ ከባንኩ አድራሻዋን አስተካክላለች፤ የኪራይ ውሏንም ለእህቴ ሰጥታታለች። ዩኒቨርሳል ክሬዲት እንደማታገኝ ነገረችኝ፤ ኬረርስ አላዋንሱንም አልጠየቀችም፤ አትጠይቅምም። ካውንስሉ የሚልካት ሠራተኛ ደብተር መያዙን ስትሰማ «እኛ ድሮም እንጽፋለን» አለች፤ ማየት እንደሚቻል እንኳን አናውቅም ነበር። ትናንት ሌሊት እህቴ ሦስት ጊዜ ተነስታለች፤ ተጽፏል።

ቅጹን ልትሞላ ስትል የተቸገረችው ሌላ ነው። «የለም» የምትለዋ ሳጥን አለች እንጂ ለማብራሪያ የተተወው ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ነው። የት ይጻፈው? ደግሞ ከላከች በኋላ ይቋረጥ ቢባል ምን ታደርጋለች? እንግሊዝኛውን ትናገራለች፤ ከስትሮኩ በኋላ ግን ስልክ ላይ ሲያፋጥኗት ቃል ይጠፋባታል።


የቦርከና (ኮምቦልቻ)

በተጨማሪ ወረቀት ይጻፉና ከቅጹ ጋር ያያይዙት፤ ሳጥኑ አጠገብ «ተያይዞ ያለውን ወረቀት ይመልከቱ» ብለው ይጠቁሙ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሙሉ ስማቸውንና የናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና መለያ) ቁጥራቸውን ያስፍሩ፤ ወረቀት ከቅጽ ተለይቶ የሚጠፋበት ጊዜ አለና። ከመላካቸው በፊት ልጅቷ ሁሉንም ገጽ በስልኳ ፎቶ ታንሳ። ፖስታ ቤት ስትልከውም የመላኪያ ማረጋገጫ ትቀበል፤ እሱ በነጻ ነው የሚሰጠው።

በስልክ ካነጋገሯቸው አስተርጓሚ መጠየቅ መብታቸው ነው፤ በአማርኛ ይቀርብላቸዋል። ልጅቷን ስለሳቸው እንድትናገር ከፈቀዱ ደግሞ እሷ አጠገባቸው ሆና ታግዛቸው፤ ፈቃዳቸውን ለመሥሪያ ቤቱ ራሳቸው ይናገሩ።

ጭማሪው ይቋረጥ ተብሎ ከተጻፈላቸው ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ አለባቸው። ያ ካልተሳካ በሌላ አንድ ወር ውስጥ ገለልተኛ ለሆነው ችሎት ይግባኝ ይላሉ። ቀኑ እንዳያልፍባቸው ደብዳቤው በደረሰ ዕለት ፖስታው ላይ ይጻፉት። በርሚንግሃም ውስጥ ሲቲዝንስ አድቫይስም ኤጅ ዩኬም የሚባሉ የምክር ድርጅቶች ይህን በነጻ ይረዳሉ፤ ጥያቄ እስኪመጣ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ቀጠሮ ይያዙ፤ ወረፋ ስላለ።

አንድ የቀረኝ ነገር ሆስፒታል ነው። እግዚአብሔር አያድርገውና ሆስፒታል ተኝተው ከ28 ቀን ካለፉ አቴንዳንስ አላዋንሱ ይቆማል፤ ያ ሲቆም ጭማሪውም አብሮ ይቆማል። ሲገቡም ሲወጡም ልጅቷ ታሳውቅ፤ ወደ ቤት እንደተመለሱ ክፍያው እንዲቀጥል ያኔውኑ ትጠይቅ።

ደብተሩ ላይ ደግሞ ልጅቷ ራሷ የምታድርባቸውን ሌሊቶችም ትጻፍ፤ የሠራተኛዋ ብቻ ከተጻፈ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ባዶ ሆነው ይታያሉ።